የጥሩወርቅ ገንዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጧት።

«እህቴን አልመልስልህም። ጸበል ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚደፋ ሰው ቤት ሴት ልጅ አትቀመጥም። ገንዳህን እንደለመድከው አጥበህ፣ አሙቀህ፣ አንተው ግባበት።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ብቻ እኔ ጨመርኩ፤ ሰውየው ያለ ነጥብ ነው የሚጽፈው። ትናንት በስልኬ ገባ። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። ስም አያስፈልገውም። ልየው ነው፣ የባለቤቴ የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም፣ ከሞጣ። ፊት ለፊት ጋሼ ልየው እለዋለሁ። እዚህ ልየው ይበቃዋል።

ሥራዬን አላቋረጥኩም። ማክሰኞ የማጣሪያ ቀን ነው። ፓምፑን አጠፋሁ። ማጣሪያውን አወጣሁ። እጥፋቱን እየገለጥኩ በውሃ ጎማ ከላይ ወደ ታች አጠብኩት፣ አቼቶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ንጹሕ ነው። ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል፤ ማን ገባበትና! ጥ. ለእናቷ ሙት ዓመት ብላ ሞጣ ከሄደች ሰነበተች። ቅዳሜ ልትመለስ ነበር ቀጠሯችን። ስልኳ ዝግ ነው።

ጸበል? የምን ጸበል? የጸበል ዕቃ ደፍቼ አላውቅም። አንተ ደብተር ምስክሬ ነህ፤ በዚህ ቤት የገባም የወጣም ውሃ ላንተ ተነግሮሃል።

ሴራሚኩን ፈተግሁ። በራስጌዋ በኩል ያለውን የቅቤ መስመር ብቻ ተውኩት። ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ደንብ መሠረት ቅቤ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው። እሷ ግን ለዓውደ ዓመት ትቀባና ትገባለች። ራሷን የምታስደግፍበት ቦታ ላይ ቢጫ መስመር ይቀራል። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ዛሬ ስፖንጁን ይዤ እስከዚያ ደረስኩና ተመለስኩ።

ለልየው መልስ አልሰጠሁም። በንዴት የተጻፈ ነገር ንጹሕ አይሆንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። መድኃኔ ዓለም።

ፓምፑ ሰሞኑን ያጉረመርማል። መቀመጫው ላልቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ሳንቀሳቅሰው፣ ከበስተኋላው ባዶ ጀሪካን። ትንሿ ቢጫዋ። በሰማያዊ ቀለም መስቀል ተሥሎባታል። ከጎኗ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አለ። ፈታሁት። እንደ አመድ የላመ አፈር። እምነት ነው፤ ጸበልተኛ ግንባሩን የሚቀባው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከፍልሰታ ወዲህ ክረምቱ እስኪወጣ ውሃው ይደፈርስብኝ ነበር። ማታ አጥርቼው አድራለሁ፣ በማግሥቱ እንደ አጓት ነው። ክሎሪን ጨመርኩ፣ እንቢ አለ። ማጣሪያ ለወጥኩ። የቧንቧችሁ ውሃ አፈር አለበት ብዬ ለከተማው ውሃ ክፍል ጻፍኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የውሃ ጥራት ባለሙያ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ ብዬ ፈረምኩበት። መርምረናል፣ ምንም የለበትም አሉኝ። ሰነፎች አልኳቸው። ዝቃጩን አሸሁት፤ አመድ ነው። ከጎረቤት ማድቤት የሚመጣ ነው ብዬ ከጎረቤት ተጣላሁ። ከዚያ አፈሰስኩት። ሞላሁት። ሲደፈርስ እንደገና አፈሰስኩት። ፍሳሹ የሚሄደው ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው።

ልየው አልዋሸም ማለት ነው። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያለው ነገር ሁሉ ሆኗል፤ እኔ ግን አላደረግሁትም።

ማን ጨመረው? እሱ ነዋ። ለፍልሰታ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ ነበር። ማር መስሎኝ አመሰገንኩት! በገዛ ቤቴ፣ እኔ ለክቼ አስተካክዬ ባስቀመጥኩት ውሃ ውስጥ፣ እንደ ሌባ ተደብቆ።

አንድ ነገር ደግሞ አሁን ትዝ አለኝ። መጨረሻ ሳፈሰው ጥ. በሩ ላይ ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ውሃው ሲወርድ ታያለች። ለወይራው ሥር ብናፈሰው አይሻልም ወይ አለችኝ። ክሎሪን ሥሩን ያቃጥለዋል ብዬ አስረዳኋት። ከእነ ምክንያቱ፣ ረጋ ብዬ ነው ያስረዳኋት። ሳልጨርስ ሄደች።

ወይራችን ከግቢው ጥግ ነው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ክበንለታል። እግር አይረግጠውም። ጸበል እግር ከማይረግጠው ቦታ እንደሚደፋ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጸበል መሆኑን ግን ማን ነገረኝ?

ስለ ክሎሪኑ ያልኩት ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ውሃው 38 ዲግሪ ነበር፣ እየወረደ ነው። ክዳኑን ገልብጬ የታችኛውን ገጽ ወለወልኩ፤ እንፋሎት እዚያ ተጠራቅሞ ይሻግታል። ሰው ይህን አያውቅም። ላዩን ያብሳል፣ ንጹሕ ነው ይላል፣ ታቹ አረንጓዴ ነው።

የጎረቤታችን ሚስት በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ከአመዱ ጠብ ወዲህ ገና መናገሯ ነው። «ጋሼ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የለች፣ ጃኩዚውን ለማን ነው የሚያሞቁት? ለዳክዬ?» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ቢቸና ላይ የኛን ገንዳ ጃኩዚ ነው የሚሉት፤ የቅንጦት ኑሮ መስሏቸው። ሐኪሙ ያለውን አልሰሙም።

ሐኪሙ ያለው፦ መድኃኒቱ ቁርጥማቱን ያስታግሳል፣ ለአንጓዎቿ ግን ሙቅ ውሃ ነው የሚበጃት፤ በየቀኑ፣ እስከ አንገቷ። ጥ. የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ሀ ሁ ያስጻፈቻቸው ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ያስጽፋሉ። ጠመኔ መያዝ ሲያቅታት ነው ትምህርት ቤቱን የተወችው። ልጅ የለንም። ቤቱ የሁለት ሰው ነው። ታዲያ ገንዳውን ራሴ ነደፍኩ። መደገፊያው በጀርባዋ ልክ፣ ደረጃው በጉልበቷ ልክ። ግንበኛው መቃብር ነው ወይ የምንሠራው ብሎኝ ነበር፤ አባረርኩት፣ ሌላ አመጣሁ።

መደርደሪያው ላይ የክሎሪኑ ጣሳ አለ። ገንዳው ሥራ በጀመረ በወሩ፣ ጥ. ከውሃው ወጣች፣ ጣቶቿን ከፈት ዘጋ አደረገች፣ እስክሪብቶ አምጣ አለችኝ። ጣሳው ላይ የለጠፍኩትን ባዶ ወረቀት ሞላችው፦ «መርዝ ነው። ጥሩወርቅን ጨምሮ ማንም አይንካ። በባለቤቱ ትእዛዝ።» እየቀለደችብኝ ነው። ፊደሉ ያዘነብላል፤ «ር»ዋ ወድቃ ልትሰበር ትደርሳለች። ግን የሷ እጅ ነው። ያን ቀን ጓሮ ሄጄ ቆየሁ።

ወረቀቱ ከእንፋሎቱ የተነሣ እየደበዘዘ ነው። ጣሳውን ወደ ሳሎን አስገባሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 1።

መብራት መጣ። ውሃ ማሞቂያውን ሬዚስታንስ ፈትቼ የያዘውን የኖራ ቅርፊት አራገፍኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ይሞቃል።

ስልኳ አሁንም ዝግ። ወደ ሐጂ ኑሩ ደወልኩ። የገንዳውን ሴራሚክ የሸጡልኝ፣ ሞጣ ላይ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔን ኬሚስት ነው የሚሉኝ። ጥ.ን አይተዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በየቀኑ! አሉ። ገና ሳይነጋ፣ የወንድሟ ልጅ ደግፋት፣ ወደ ጸበሉ ስትወርድ። ለሱብሒ ሶላት ሲወጡ መንገድ ላይ ያገኟታል።

«እኔ ወደ መስጊድ፣ እሷ ወደ ጸበል፣ ጧት ጧት ሰላም እንባባላለን። አንተስ ወዴት ነህ፣ ኬሚስት?»

ስልኩን ዘጋሁ።

የኅዳር ውርጭ። ጎሕ ሳይቀድ። ያበጠ አንጓ ላይ ከአለት የሚወርድ ውሃ። ልየው ኮት ደርቦ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ እሷ ታወልቃለች። የማስበው ይህን ብቻ ነው። በጸበሉ ክፉ አልናገርም፤ እናቴም በጸበል ድና አይቻለሁ። ግን ለምን በዚህ ወር? ለምን በዚህ ብርድ? ለምን ሳልጠየቅ?

እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ሞጣ።

ሦስት ቀን መኪና አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ጧት ተነሣሁ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ቀይሬ፣ ከብዙ ፍተሻ በኋላ ከሰዓት ገባሁ። ከመሄዴ በፊት ክሎሪኑን አስተካክዬ፣ ክዳኑን በጠፍር አሰርኩ። ውሃ ብቻውን ሲተው ይበላሻል።

ሐጂ ኑሩ ቤት አርፌያለሁ። ልየው ቤት አላድርም። ሐጂ ነገሩን ሁሉ ሰሙኝ፣ ጢማቸውን ይዘው። ጀሪካኑ ላይ ስደርስ ሳቃቸውን አፈኑ። ይቅርታ ኬሚስት፣ ግን ለውሃ ክፍሉ ደብዳቤ መጻፍህ... አሉና እንደገና ሳቁ። በሳቃቸው አልተቀየምኩም። አለመቀየሜም ገርሞኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ሞጣ። ከሰዓት።

ልየው በክብር ተቀበለኝ። ይሄኛው ባሰብኝ። ወንበር አስወጣ፣ ጠላ አስቀዳ፣ የቢቸናን አዝመራ ጠየቀኝ፣ ጤፉ እንዴት ነው አለኝ። ያን መልእክት የጻፉት ጣቶች ዋንጫ ሲያቀርቡልኝ አየሁ። አልጠጣሁም። ሚስቴን ልውሰድ ነው የመጣሁት አልኩ። ሱባኤ ላይ ናት፣ እስከ ሚካኤል አታገኛትም አለ። ያኔ ፈነዳሁ። በቤቴ ተደብቀህ ውሃዬን ስታደፈርስ ከርመህ አሁን ፈራጅ ሆንክ ወይ አልኩት። አንተ አልኩት፣ ጋሼ ልየውን።

እሱ ግን አልጮኸም። «ጸበሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ምን እንዳደረገችው እሷን ጠይቃት።»

ጥ. ከጓዳ ወጣች። ግድግዳውን እየያዘች። ከስታለች፣ ግንባሯ ላይ እምነት አለ። ልየው ተነሥቶ ከበሩ ወጣ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች። «ልየው እንድጠመቅበት ነው ያመጣልኝ። እኔ ደግሞ ያንተንም የእግዜርንም አንድ ላይ ልግባበት ብዬ።»

ለምን አልነገርሽኝም አልኩ።

«ብነግርህ ያቺን የክሎሪን መለኪያ ወረቀትህን ታወጣና ትለካው ነበራ!»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ስመጣ መንገዱን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። ደብተሬ፣ ላንተ ካልዋሸሁ፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

«እምነቱ ስንት ማንኪያ ነበር?»

አየችኝ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምትስቅ መሰለኝ፣ መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቅ አልነበረም። «አንተ ሰውዬ» አለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ገባች።

ልል የፈለግሁት ሌላ ነበር። መጠኑን ባውቅ ኖሮ ዘዴ አላጣም ነበር፤ አመዱን የሚይዝ ማጣሪያ አበጅ ነበር፣ ክሎሪኑን ዘግየት አደርገው ነበር፣ ሁለቱም አብረው ይኖሩ ነበር። ያልኩት ግን ስንት ማንኪያ ነው።

ጠላው እንደተቀዳ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ቢቸና።

የማጣሪያ ቀን። ታጠበ። ተዘፈዘፈ።

ከሞጣ ስነሣ ሐጂ ኑሩን ሽማግሌ ይሁኑኝ ብዬ ለመንኳቸው። «እኔ ሙስሊሙ ስለ ጸበል ላስታርቅ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፦ «ግድ የለም። ውሃ ነው፤ ውሃ ሁላችንም እንጠጣለን።» የሰፈራቸውን አንድ ቄስ ጨምረው ሁለት ሆነው ልየው ቤት ገቡ።

ዛሬ ደወሉ። የልየው ቃል፦ ገንዳው ይፍረስ። ሲፈርስ በዓይኔ ልይ፣ በማግሥቱ እህቴን በእጄ አመጣለሁ። ሌላ የሚለው የለም።

እሷስ ምን አለች አልኳቸው። ዝም አለች አሉ። ዝም ማለቷ እሺ ነው ወይስ እንቢ? ሐጂም አላወቁም። ቄሱ ዝምታ ስምምነት ነው ብለዋል። አይደለም። ከጥ. ጋር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ዝምታዋ ብዙ ዓይነት ነው፤ ስምምነት ግን አንዱም አይደለም። ስትስማማ ታወራለች።

መዶሻውን ከዕቃ ቤት አወጣሁ። ትልቁን። የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። መደገፊያውን አየሁ። እያንዳንዱን ሴራሚክ በጀርባዋ ልክ እየቆረጥኩ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። አንዱ ይበቃ ነበር፤ አንዱ ከተነሣ ሌላው ይከተላል።

መዶሻውን መለስኩት። ዶማ ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ቦይ እየቆፈርኩ ነው። ከገንዳው ፍሳሽ እስከ ወይራው ሥር። ለሽንት ቤቱ የሚሄደውን ቧንቧ ቆርጬ አፉን ደፈንኩ። አዲሱን ቧንቧ ቁልቁለቱን ጠብቄ ዘረጋሁ። ትናንት የጀመርኩት ወገቤን ይዞኛል። ሰው ልቅጠር ብል ምን ብዬ ላስረዳ?

የክሎሪኑ ነገር ቀላል ነው። ለምን ያን ጊዜ አልታየኝም? ክዳኑን ገልጦ ለፀሐይ መተው። ክሎሪን በፀሐይ ይተናል። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ። ያን ዕለት በሩ ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ መልሱ እጄ ላይ ነበር። ለወይራው ሥር ይሁን ወይ ስትል የሰማሁት የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። አይሆንም ማለት ቀለለኝ።

ክዳኑን ገልጫለሁ። የጎረቤታችን ሚስት ዛሬም ብቅ አለች። በአጥሩ በኩል ቦዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ገባች። ቆይታ ልጇን በአንድ ጆግ እርጎ ላከችልኝ። ስለ አመዱ ጠብ ሳስብ እርጎው አልወርድ አለኝ። ጠጣሁት ግን።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ከተማው በጭስ ታፍኗል። ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። እኔ የማቃጥለው የለኝም። እኔ ቤት ቆሻሻ ዓመቱን አይጠብቅም።

መለኪያ ወረቀቱን ውሃው ውስጥ ነከርኩት። ክሎሪን ዜሮ። ሌላ ነከርኩ። ዜሮ። ፍሳሹን ከፈትኩ።

ውሃው በቦዩ ሄደ። ወይራው ሥር ደረሰ፣ ትንሽ ቆመ፣ ጠለቀ። እስኪያልቅ ቆምኩ። በዚህ ውሃ ውስጥ ጸበል እንደሌለበት አውቃለሁ። ጸበል ያለበት ክረምቱን አልፏል፣ የማይመለስ ቦታ ሄዷል። ይህን ማስተካከል አልችልም። ቢሆንም ቆምኩ። ኮፍያዬን ማውለቄን ያወቅሁት ጭሱ ፀጉሬ ውስጥ ሲገባ ነው።

ሐጂ ኑሩ ደወሉ። ሱባኤዋን ጨርሳለች። እጇስ አልኩ። እጇ ያው ነው። ጉልበቷስ? ያው ነው፣ እንዲያውም ትንሽ አብጧል። አውቄዋለሁ! ልል ነበር። «ግን ፊቷ በርቷል፣ ኬሚስት» አሉ። «ከልጆቹ ጋር ስትስቅ ከመንገድ ድረስ ሰማኋት።»

ሐጂ ለማስደሰትም ለማስከፋትም አይዋሹም።

ፊቷ በርቷል። እዚህ ቤት እጇ ተፈታ፣ እዚያ ፊቷ በራ። የቱ ነው መዳን? ይህን የሚለካ ወረቀት የለኝም።

ባዶው ገንዳ ውስጥ ወረድኩ። ደረቅ ሴራሚክ። በራስጌዋ በኩል የቅቤው መስመር አለ፤ ውሃ ሲጎድል ጎልቶ ታየ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። መደገፊያው ለኔ ጀርባ አይሆንም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ቅበላ። ከሰዓት።

ነገ ጾም ይገባል። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እኔ ሽሮ በልቻለሁ።

ገንዳውን ሞላሁ። ማጣሪያውን መለስኩ። ይሞቃል። ክሎሪን አልጨመርኩም፤ ይጠብቃል።

ቆርጫለሁ። ለልየው መልስ አልሰጥም፤ ጥያቄው የሱ አይደለም። ሽማግሌም አልክም። እስካሁን ስለዚህ ገንዳ ልየው ተናገረ፣ ቄሱ ተናገሩ፣ ሐጂ ተናገሩ፣ እኔ ተናገርኩ። እሷን የጠየቃት የለም። እኔ የጠየቅኋት ስለ ማንኪያ ነው። የሐጂ መኪና ቢቸና ላይ ዕቃ አራግፎ ነገ ጧት ይመለሳል። ደብዳቤውን በሾፌሩ እልካለሁ። ላንተ ደግሞ እዚህ እገለብጠዋለሁ፣ ደብተር፣ ቃል በቃል፤ በሱ ቃል ጀምረናል፣ በኔ ይለቅ።

«ለጥሩወርቅ፦

ፍሳሹ ከእንግዲህ ወደ ሽንት ቤቱ አይሄድም። ቧንቧውን ቆርጬ ወደ ወይራው ሥር አዙሬዋለሁ። ድንጋዩን ከፍ አድርጌ ክቤለታለሁ፣ እግር አይረግጠውም። ከመፍሰሱ በፊት ሁለት ቀን ለፀሐይ ይገለጣል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ወይራው አይጎዳም። ክረምቱን የሄደውን መመለስ አልችልም።

ከጨመርሽ ጨምሪ። ምን ያህል እንደሆነ አልጠይቅም። በማግሥቱ ማጣሪያውን እንዳጥብ ብቻ ጨመርኩ በይኝ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ደንብ አንሥቼዋለሁ። ቅቤውን አልፈተግሁትም።

ጋሼ ልየው ይፍረስ ይላል። አንቺ ይፍረስ ካልሽ አፈርሰዋለሁ፤ በራሴ እጅ፣ በዚያው ቀን፣ እሱ ሳይቆምብኝ። ከዚያም በኋላ በሩ ክፍት ነው። እዚያው እቆያለሁ ካልሽ እሱንም ልወቀው፤ ፊትሽ እንደበራ ሰምቻለሁ።

ነገር ግን ከሰው አፍ አልቀበልም። በስልክ አልቀበልም። ዝምታሽንም እንደ መልስ አልቆጥረውም። ሌላ ሰው አይጻፍልሽ፤ እጅሽን አውቀዋለሁ፣ ሲያዘነብልም አውቀዋለሁ። ጣትሽ እንቢ ካለሽ አንድ ቃል ይበቃል፦ ይፍረስ፣ ወይም ይሙቅ።

እስከዚያ ውሃው 38 ላይ ይቆያል።

መልስሽን በጽሑፍ፣ በራስሽ እጅ፣ እስከ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ድረስ እንድትሰጪኝ እጠይቃለሁ።»